ማክሰኞ የተነቀለው ባትሪ

አባቴ በእጄ ያስያዘኝ አንድ ሙያ ቢኖር ባትሪ ማክረም ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ፣ ብስክሌት ያስለመደኝ ወንድሜ ግሌን፤ ባትሪው ግን የአባቴ ነው።

የምንኖረው ዮርክሻየር ውስጥ፣ ድሪፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። አባቴ ክሊፎርድ አሥራ ሁለት ዓመት ወታደር ሆኖ ከተሰናበተ በኋላ ባሕር ላይ በቆመ የጋዝ ማውጫ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ አራት ሳምንት ባሕር ላይ፣ አራት ሳምንት ቤት። እናቴ ሞሪን የትምህርት ቤታችን ምግብ አብሳይ ነበረች። በመኪና ተጎትታ የምትሄድ ትንሽ ቤት፣ ካራቫን፣ ነበረችን። በጋውን ይዘናት እንዞራለን፤ ጥቅምት ሲገባ ከከተማው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሚስተር ስታዘርስ የሚባል ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ ከሌሎች ሃያ ካራቫኖች ጋር ተደርድራ ብርዱን ታሳልፋለች።

«ባትሪ ማለት እንደ ላም ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። «ባታልቢያትም ትበላለች። ዝም ብሎ ቆሟል ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ቀስ እያለ እያለቀ ነው።»

ሕጉን በቃሌ አስያዘኝ። ካራቫኗ ስትቆም ገመዶቹ ይነቀላሉ፤ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ቀዩ። በወር አንድ ጊዜ ባትሪው ቤት ይመጣና ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል፤ ያውም መስኮቱ ተከፍቶ። ውሃው ከጎደለ የተጣራ ውሃ ይጨመርለታል። መለኪያው አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት ካለ ጠግቧል። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ካለ ርቦታል። ከአሥራ ሁለት ወርዶ ከሰነበተ ግን አከተመለት፤ በዚያ ላይ ውርጭ ካገኘው ውስጡ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። የመለኪያውን ሁለት ሹል ጫፎች እኔ እይዛለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «እህ፣ ዶክተር ሄዘር» ይላል አባቴ፣ «በሽተኛው ይተርፋል?» ከዚያ የሚበልጥ ሹመት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ገና ላይ፣ ግሌን ከጀርመን ለእረፍት መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ወታደር ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ። ከእረፍቱ ሲመለስ ጦሩ ወደ ባሕረ ሰላጤው በረሃ ሊዘምት ነው። አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ እጁን ያስጨብጠው ነበር። ግሌን ፈገግ ይላል፤ ግን ምግብ አይበላም። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያስመልሰው ሰምቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አፉን እየጠረገ ወጣና ሲያየኝ ደነገጠ።

«የእማዬ ኬክ ነው» አለኝ። «እንዳትነግሪያት፤ ሁለታችንንም ነው የምትገድለን።»

ሳቅሁ። ለማንም አልነገርኩም።

አባቴ ራሱ ባቡር ጣቢያ አደረሰው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። «አንገትህን ዝቅ፣ ጠመንጃህን ንጹሕ» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ግሌን ጎንበስ ብሎ ጆሮዬን ሳመኝ። ባቡሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ እጄን አወዛወዝኩ። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ እንደወረደ፣ እናቴም እዚያ መኪና ውስጥ ትጠብቀው እንደነበር ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው።

አባቴ ወደ ባሕር ከመመለሱ በፊት እናቴ እራት ላይ፣ «ዘንድሮ ባትሪውን ለኔና ለሄዘር ተወው» አለችው። «ወገብህን እያመመህ ሃያ ኪሎ ብረት መሸከም የለብህም።»

«አንቺ? ባትሪ?» ብሎ ሳቀባት። «ቀዩን ከጥቁሩ ትለዪዋለሽ?»

«ዶክተሯ አለችልኝ አይደል?»

ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እየሄድን ባትሪውን ማምጣት ጀመርን፤ ቤት ቻርጅ ሲደረግ ያድርና እሑድ እንመልሰዋለን። በወር አንዴ ነው ያልከኝ ብዬ የምጠይቀው አባቴ ባሕር ላይ ነው። እናቴን ብጠይቃት፣ «ዘንድሮ ብርዱ ይከፋል ተብሏል» አለችኝ። በቂ መልስ ነበር።

ባትሪው የሚቀመጠው ከካራቫኗ ውጪ፣ በጎኗ በኩል ባለች ባለ መዝጊያ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ ወደ በሩ እንዳልጠጋ ተከልክያለሁ። «የአይጥ መርዝ በትኜበታለሁ፤ ብትነኪው ትሞቻለሽ» አለችኝ። እሷ ግን ትልቅ ቅርጫት ይዛ፣ «አየር ላስገባላት» ብላ ትገባና በሩን ከውስጥ ትዘጋለች። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ አንድ ጊዜ እስከ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ደርሻለሁ። ቅርጫቱ ሲገባ የሥጋ ኬክ፣ ዳቦና ትኩስ ሾርባ የሞላ ፔርሙስ አለው፤ ሲወጣ ባዶ ነው። እናቴ ተደብቃ የምትበላ መሰለኝ። ቤት ማዕድ ላይ ምንም አትቀምስም ነበርና ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። በጣም ተቀየምኳት። ያቺ ሴት በዚያ ወር ስምንት ኪሎ ቀንሳለች።

ሚስተር ስታዘርስ ሁልጊዜ ትራክተሩን አቁሞ ይቀልዳል። «ሞሪን፣ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሚስቴ እንኳን እንዲህ አልጠየቀችኝም! ምን ያለው ባትሪ ነው?»

«አሮጌ ነው። ካልጠበቁት ይሞታል» ትላለች እናቴ፣ ዓይኑን ሳታይ።

አንድ ቅዳሜ ግን አልቀለደም። ቆቡን አውልቆ እያሻሸ፣ «አይጦችሽ ድንች ይወዳሉ?» አላት።

እናቴ ፊቷ ቀላ። «ምን?»

«ድንች ተርፎኛል። ደረጃው ላይ እተውላቸዋለሁ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ሌላ ነገር አላይም።» ቆቡን መልሶ ደፍቶ ሄደ። እናቴ መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን ጨብጣ አለቀሰች። ለአይጥ ድንች የሚቀልብ ገበሬ አይቼ ስለማላውቅ ሰውየው ያበደ፣ እናቴም ያዘነችለት መሰለኝ።

ባትሪው በየሳምንቱ ባዶ ሆኖ ይመጣ ነበር። አሥራ አንድ ነጥብ አራት። አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ። ቁጥሩን በጠመኔ የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ባዶ ካራቫን ላይ የቆመ ባትሪ በሳምንት እንደዚያ እንደማይወርድ የማወቅ ዕድሜ ላይ አልነበርኩም። ካራቫኗ ውስጥ አንድ ትንሽ መብራት፣ አንድ ሬዲዮና በባትሪ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ነበሩ። የማሞቂያው ጋዝ በግቢው ደንብ ጥቅምት ላይ ከካራቫኗ ወጥቷል። ወንድሜ ብርድ ልብሱን የሚያበራው ከመተኛቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንደነበር፣ ራሱ ነግሮት ኖሮ፣ ሚስተር ስታዘርስ ለፖሊስ ከሰጠው ቃል ላይ በኋላ አንብቤዋለሁ።

በጥር መጨረሻ አባቴ ተመለሰ። በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ቀይ ቆብ የደፉ ሁለት ወታደሮች በራችንን አንኳኩ። የግሌን ጓደኞች ናቸው ብዬ ሮጬ ከፈትኩላቸው። ሳሎን ተቀምጠው ሻይ እንኳን አልጠጡም። እኔ ከኩሽናው በር ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

«ከእረፍቱ አልተመለሰም» ይላል አንዱ። «ስንት ደብዳቤ ላክን።»

«ደብዳቤ አልደረሰኝም» አለ አባቴ። ወደ እናቴ ዞረ። «ደብዳቤ መጥቷል?»

«አላየሁም» አለች።

አባቴ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ በሚመስል ድምፅ፣ «በዚህ በር ከመጣ፣ ራሴ ነኝ የምደውልላችሁ» አለ።

ደስ አለኝ። ግሌን ሲመጣ ጓደኞቹን ሊጠራለት ነው። ሲወጡ ግን አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን የግሌንን ፎቶግራፍ አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እናቴ መሳቢያውን ከፍታ መልሳ አስቀመጠችው። እሱ መልሶ ከተተው። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶው ስንት ጊዜ ወጥቶ ስንት ጊዜ እንደገባ ቆጥሬ ነበር፤ ጨዋታ መስሎኝ።

ቅዳሜና እሑድ እናቴ «የአባትሽ ወገብ» እያለች እንደ ወትሮው እኔን ይዛ ባትሪውን አመጣች፣ መለሰችም። ሰኞ አባቴ ዕቃ ቤት ገብቶ መፍቻ ሲፈልግ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመኔ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ዶክተር?»

«የባትሪው ቁጥር ነዋ!»

«አሥራ አንድ ነጥብ አራት? የዛሬ ወር?»

«በየሳምንቱ ነው እንጂ። ቅዳሜ እናመጣዋለን፣ ባዶውን ነው፤ እናጠግበውና እሑድ እንመልሰዋለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ባዶ!»

«በየሳምንቱ» አለ። ጣቱን ከቁጥር ወደ ቁጥር አወረደ። «እናትሽ ባትሪውን ስትመልሰው ገመዱን ትሰካዋለች?»

አሰብኩ። ሕጉን የጣሰችው እሷ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ። «አዎ! ሁለቱንም ትሰካለች። እኔ ብነግራትም አትሰማም። ከዚያ ደግሞ ውስጥ ገብታ ምሳ ትበላለች።»

ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጉንጮቼን ያዘ። «ጎበዝ» አለኝ። «አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግረኝ ነበር?»

ማክሰኞ እናቴ በትምህርት ቤቱ ኩሽና ሥራ ላይ እያለች፣ ሳታየን ከክፍሌ መጥቶ ወሰደኝ። በቀጥታ ወደ ስታዘርስ ግቢ ነዳን። ሰማዩ እርሳስ መስሏል፤ ሚስተር ስታዘርስ አልነበረም። አባቴ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመና በእግራችን ሄድን። ካራቫኗ ፊት ቆሞ ብዙ ጊዜ አያት። የኋለኛው መስኮት በውስጥ በኩል ላብ አውጥቶ ውሃው በመስመር በመስመር ይወርድ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል።

ከዚያ ሳጥኑን ከፈተ። ጥቁሩን ነቀለ፤ ቀዩን ነቀለ። ባትሪውን ሲያነሣ ከካራቫኗ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ጓ አለ። በዚያች ቅጽበት የመጋረጃው ጫፍ የጣት ስፋት ያህል ተገልጦ ተመለሰ። እኔ አየሁት።

«አባዬ፣ አይጥ አለ!» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ። «ነይ እንሂድ።»

መኪናው ውስጥ፣ ባትሪው እንደሞተና አዲስ ሊገዛላት እንደሆነ ነገረኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ድንገት እናስደስታታለን።» ማይልኝ አላለኝም፤ እኔ ራሴ ማልኩለት። ረቡዕ ሙሉ ቀን ምስጢሩ ሆዴን እያሳከከኝ እናቴን አይቼ እስቅ ነበር። «ምን ሆነሻል አንቺ?» ስትለኝ፣ «ምንም» እላለሁ።

ሐሙስ ስንነሣ ዓለም ነጭ ሆኗል። በረዶው ከአጥሩ በልጧል፤ ሬዲዮው መንገዶቹ እየተዘጉ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቶችም እንደማይከፈቱ ይናገራል። እናቴ ካፖርቷን ደርባ፣ ቅርጫቷን ይዛ፣ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። በመስኮት አያታለሁ። የመኪናውን ኋላ ከፈተች። ቅርጫቱን ልታስገባ ጎንበስ አለችና እንደዚያው ቀረች። ያቺ ጎንበስ ያለች ጀርባ ዛሬም ከፊቴ አትጠፋም።

ስትገባ ከንፈሯ በረዶውን መስሏል። «ባትሪውን ማን አመጣው?»

«እኔ» አለ አባቴ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል። «ሞቷል። ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ» አለች። ወንበር ያዘች። «ክሊፍ፣ አሁኑኑ መመለስ አለብኝ።»

«ይህን በረዶ ለባትሪ?»

«መሄድ አለብኝ።»

ጋዜጣውን አጠፈ። «ለምን? ምን አለ እዚያ?»

የካፖርቷን ቁልፍ ቆለፈች። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ድንገት የምናስደስታት ነገር ተበላሸ ብዬ ለአባቴ አዘንኩለት። «ንገሪኛ» አለ። «ምን አለ እዚያ፣ ሞሪን?»

«ምንም» አለች እናቴ። «እርጥበት እንዳይገባት ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። በእግሯ ወጣች። ከሁለት ሰዓት በኋላ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ከከተማው መውጫ ላይ ወድቃ አግኝቷት መለሳት። ስልክ አነሣች፤ የስታዘርስ መስመር ተቆርጧል። ዓርብም ሞከረች። አባቴ ሁለቱንም ቀን መስኮቱ ሥር ቆሞ መንገዱን ሲያይ ዋለ። በረዶውን እያየ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ይመጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚስተር ስታዘርስ በትራክተሩ መንገዱን እየከፈተ ካራቫኖቹ ጋ ደረሰ። ድንቹ ደረጃው ላይ ሳይነካ በረዶ ለብሶ ነበር። ግሌን በጋ ላይ ሥጋ የምንጠብስበትን የከሰል ማንደጃ ከአልጋው ሥር አውጥቶ አቀጣጥሏል። ነፋስ እንዳይገባ የበሩንና የአየር ማስገቢያውን ክፍተት በካልሲና በጋዜጣ ጠቅጥቆታል። ሦስት ሹራብ ለብሶ እንደተኛ ነው የተገኘው።

ፖሊሶች ቤታችን ሲመጡ የሰማሁት፣ «ከሰል» እና «ካራቫን» የሚለውን ብቻ ነው። ካራቫናችን የተቃጠለች መሰለኝ፤ ለሷ ነው ያለቀስኩት። ስለ ግሌን ሲነግሩኝ በጦርነቱ ሞተ ብዬ አሰብኩ፤ ወታደር ነውና። ሰኞ ለክፍሌ ልጆች ወንድሜ በረሃ ላይ ተዋግቶ ሞተ አልኩ። አስተማሪያችን ሚስ ፔንድልተን እውነቱን ታውቃለች፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ክፍሉን በሙሉ አስነሥታ ለአንድ ደቂቃ በዝምታ አስቆመችልኝ። ቀብሩ ላይ ለምን አንድም ወታደር እንዳልመጣ ግን ማንም አልመለሰልኝም። እውነቱን አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አንዲት ልጅ በጠብ መካከል ወረወረችብኝ።

ያን ጊዜም ቢሆን የማውቀው ግማሹን ነው፦ አባቴ ሳያውቅ ባትሪውን ነቀለ፣ እናቴ ፈርታ ደበቀች። ቤታችንም በዚህ ግማሽ ላይ ቆሞ ኖረ። እናቴ ከስድስት ዓመት በፊት ሞተች።

ባለፈው ዓመት፣ አባቴ ብሪድሊንግተን በሚገኝ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ነበር። እሑድ እሑድ እየሄድኩ ጺሙን እላጨዋለሁ። አንድ እሑድ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ፣ ጣሪያውን እያየ፣ «መስኮቱን አይቼዋለሁ» አለ።

«የቱን መስኮት?»

«ባዶ ካራቫን በውስጥ አያልበውም፣ ሄዘር።»

ምላጩን አነሣሁ።

«ብርዱ ያስወጣዋል ብዬ ነው» አለ። «አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሌሊት። መጥቶ በሬን ያንኳኳል። ይዤው እሄዳለሁ፤ ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ሰው ይሆናል። በረዶውን አላሰብኩትም።»

«ሐሙስ ጠዋት ግን ታውቅ ነበር።»

«አንድ ቃል ብትለኝ እሄድ ነበር። በደረቴ እየተሳብኩም ቢሆን። ከኔ ደብቃ...» ሳሙናውን ከከንፈሩ ጠረገ። «እንድትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

«አንተስ? ለምን አልነገርካትም?»

በኮሪደሩ የምሳ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል።

«እማዬ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ሳላውቅ የነቀልኩት ነው የሚመስላት። በየዓመቱ፣ በዚያ ቀን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። ነግሬህ ቢሆን አትነቅለውም ነበር፣ ልጅህን የገደልኩብህ እኔ ነኝ፣ እያለች።»

«አንተስ ምን ትላታለህ?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ይቅር ብዬሻለሁ እላታለሁ።»

ሃያ ስምንት ጊዜ። ምላጩን ሳህኑ ውስጥ አስቀምጬ ወጣሁ። ጺሙን የጨረሰችለት ነርሷ ናት። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ እኔም አይቼው እንደነበር፣ ረቡዕ ሙሉ ቀን እናቴን እያየሁ ስስቅ እንደዋልኩ ልነግረው አስቤ ነበር፤ አልነገርኩትም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

ከግሌንና ከእናቴ ጎን እንዲቀበር ጽፎ ትቷል። የምከለክልበት አቅም አልነበረኝም፤ ቀበርኩት። ከሳምንት በኋላ ድንጋይ ቀራጩ ደወለ። እናቴ በሕይወት እያለች ራሷ ያስቀረጸችው፣ «ሞሪን፣ የግሌን እናት» የሚል ነው።

«ለእሳቸውስ?» አለኝ ሰውየው፣ በትሕትና። «የግሌን አባት ልበል? ከላይ ካለው ጋር እኩል ይመጣል፤ ያምራል።»

ሰውየው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አለ።

«ስሙን ብቻ ጻፈው» አልኩት።

እስካሁን ሄጄ አላየሁትም።